የማን አባት ከላይ ይውጣ?

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንዴት ነህ አንተ ሰው? መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ስድቡን ለስልክ አቆየውና አሁን ስማኝ። የማኅተም መቅረጫህን አልሸጥከውም አይደል?

እኔና ባለቤቴ እዚህ ለንደን ትንሽ ካፌ ልንከፍት ነው። የራሳችንን ሳንቲም ልናስመታ አስበናል። አትሳቅ! የዚህ አገር ነጋዴ ድሮ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1649 ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ አንገቱ ከተቀላ በኋላ ዝርዝር የሚያወጣ መንግሥት ጠፋ። ዳቦ ጋጋሪው፣ ሻማ ሻጩ፣ ባለ መጠጥ ቤቱ ሁሉ ከመዳብና ከናስ የየራሱን አስመታ፤ የፔኒ ሩብ፣ ኋላም ግማሽ። ባለሱቃችን በመልስ ፋንታ ማስቲካ ሲያስታቅፈን ትዝ ይልሃል? አንተ ደግሞ ማስቲካውን መልሰህ ዳቦ ልትገዛበት ስትከራከር! የእነዚህ ግን በሰፈሩ ይሠራል፣ ያወጣውም ነጋዴ ይቀበለዋል። በ1672 ቻርልስ 2ኛ የራሱን የመዳብ ሳንቲም አውጥቶ እስኪከለክላቸው ድረስ እንዲህ ኖሩ።

አንዳንዶቹ ቡና ሻጮች ያስመቱት ላይ አንድ እጅ ከማፍያው ሲኒ ላይ ሲቀዳ ይታያል። ማንበብ የማይችልም ቤቱን ይለየዋል። የእኛም ጀበና ይኑረው፣ ጆሮው ግን ወፈር ይበል።

ጭቅጭቁ ፊደሉ ላይ ነው። ያኔ ባለትዳሮቹ ሦስት የስም መነሻ ፊደል ያስቀርጹ ነበር፦ ከላይ የቤተሰቡ ስም፣ ከታች የባልና የሚስት። ሚስትም መግባቷ ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ሳሳያት፣ «ከላይ የማን አባት ነው የሚወጣው?» አለችኝ። «የእኔ» አልኳት። «የእኔ አባት ምን በደለ?» ብላ ኩርፊያ ገባች። አራት ፊደል ለማስገባት ደግሞ ቦታው ጠባብ ነው። ሽምግልናውም ቅርጹም ያንተ ነው፤ እኔን ደግፈህ ብትፈርድ አይከፋኝም።

ደንበኛ ቀድሞ ከፍሎ አንዱን ይወስዳል፣ ሲመለስ ቡና ይጠጣበታል። ብቻ... ለሷ አትንገራት እንጂ ፈርቻለሁ። ኪራዩ እንቅልፍ ነስቶኛል። ቤቱ ከተዘጋ ያ ሁሉ ሳንቲም ቁርጥራጭ ብረት ነው፣ ሰው ቡናዬን ብሎ በሩን ሲያንኳኳ ይታየኛል። እንግዲህ ጀምረነዋል።

ንድፉን በቴሌግራም ላክልኝ። ዋጋህንም ሳታፍር ንገረኝ፤ በሳንቲሙ ልክፈልህ ብል ቡናውን ለመጠጣት ቪዛ ልትጠይቅ ነው።

ያው ጓደኛህ