ከመዋቅር ጥናቱ በኋላ የሚቀር ባለሙያ ያስፈልጋል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የመሥሪያ ቤቶችና የንግድ ድርጅቶች የመዋቅር ለውጥ በጋዜጣችሁ ላይ ደጋግሞ የሚነሣ ጉዳይ በመሆኑ፣ በጅማ አካባቢ በቡና ሥራ ከተሠማሩ ድርጅቶች ጋር ስሠራ ያስተዋልሁትን ለአንባቢያን ማካፈል እወዳለሁ። ድርጅቶቻችን ለውጥ መጀመር አያቅታቸውም። የሚጎድላቸው፣ ለውጡን ያጠናው ኮሚቴ ከተበተነ በኋላ የድርጅቱን አሠራር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቅና ቀጣዩ ለውጥ ሲመጣ ምን መነካት፣ ምን መጽናት እንዳለበት የሚያመላክት ባለሙያ፣ ማለትም የተቋም አርክቴክት ነው።

ከመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ እስከ ውጤት ተኮር ሥርዓትና ካይዘን ድረስ ያልሞከርነው የለም። እያንዳንዱም ጥቅም ነበረው፤ በተለይ ካይዘን በሥራ ቦታ ያለን ብክነት ለይቶ በማስወገድ ረገድ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ መምሪያው የሥራ ሂደት፣ የሥራ ሂደቱ ዳይሬክቶሬት፣ ዳይሬክቶሬቱም በመሪ ሥራ አስፈጻሚ የሚመራ ክፍል እየሆነ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሲለዋወጥ፣ አንድ ፋይል ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ ውሳኔ እስኪያገኝ የሚያልፍባቸው ጠረጴዛዎች እንደነበሩ የቀሩባቸው መሥሪያ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ጥናቱ ማን ለማን ተጠሪ እንደሚሆንና ስንት ሠራተኛ እንደሚመደብ በዝርዝር ሲመረምር፣ የትኛው መረጃ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስና የትኛው ውሳኔ በየትኛው እርከን መሰጠት እንዳለበት ግን በቅጡ ሳያነሣ ያልፋል። ሠራተኛውም «ጥናት መጣ» ሲባል ቀድሞ የሚያስበው ስለ ምደባው ነው፤ አይፈረድበትም።

በቡና ግብይት የሆነው ነገር ጉዳዩን በደንብ ያሳያል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በበቀለበት አካባቢና በደረጃ ለይቶ በማገበያየቱ፣ ዋጋ በግልጽ እንዲታወቅና ሻጩ ክፍያው እንዲረጋገጥለት አድርጓል። ለዚያ ዓላማ ተመሳሳይ ደረጃ ያገኘን የአንድ አካባቢ ቡና አንድ ላይ ማከማቸት ተገቢ ንድፍ ነበር፤ ነገር ግን ቡናው ከማን ማሳ እንደመጣ የሚናገረው መረጃ መጋዘን በር ላይ ይቀር ነበር። በኋላ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ አማራጭ የግብይት መንገዶችን ከፈተ። አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ሕግ፣ ወደ ገበያው የሚገባው ቡና ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልመጣ መሆኑ እንዲረጋገጥና የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ከ4 ሔክታር ላነሰ ማሳ በካርታ ላይ መገኛውን የሚያሳይ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚሰፋው ግን የማሳው ወሰን ዙሪያውን መመዝገብ አለበት። የሕጉ ተፈጻሚነት ከአንድ ጊዜ በላይ መራዘሙ ሥራውን አያስቀረውም።

ይህን ጥያቄ ድርጅቶች በሁለት መንገድ ሲያስተናግዱት አይቻለሁ። አንዳንዶቹ ወጣቶችን ቀጥረው፣ ስልክ አስይዘው፣ የማሳዎችን ነጥብ ሰብስበው ለኤክስፖርት ክፍሉ ያስረክባሉ፤ እሸት ቡና በሚረከበው ማጠቢያ ጣቢያ ያለው መዝጋቢ ግን እንደ ድሮው የአርሶ አደሩን ስምና ኪሎውን ብቻ ይጽፋል፤ ሁለቱ መዝገቦችም አይገናኙም። ሌሎቹ ቀድመው የወሰኑት አንድ ነገር ነበር፤ ቡናውን የሚያቀርበው አባል አርሶ አደር የሚታወቅበት ቁጥር ከማሳው እስከ ጆንያው ድረስ ሳይቋረጥ እንዲሄድ አደረጉ። ይህ ውሳኔ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ግዥን፣ መጋዘንን፣ ሒሳብንና ኤክስፖርትን በአንድነት የሚያይ ሰው ነው። የአባሉ ቁጥር ከጸና የመረከቢያው ቅጽ፣ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም፣ ገዢውም ቢለወጥ ድርጅቱ እንደ አዲስ አይጀምርም።

ምሳሌውን ከውጭ አገር መፈለግም አያሻንም። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. በአገራችን ሲታይ፣ በሽታውን ተቋቁመው የቆሙ ዛፎች በየማሳው እየተፈለጉ ዘራቸው ተሰብስቦ፣ በጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እየተፈተነ ለአርሶ አደሩ ደርሷል። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤቶች ሲሆኑ፣ በቁጥራቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ.ን ያመለክታል። እያንዳንዱ ዛፍ በቁጥሩ መታወቁ ከማሳ እስከ ችግኝ ጣቢያ ያለውን ሥራ አስተሳስሯል፤ ዛሬም አርሶ አደሩ ዝርያዎቹን የሚጠራቸው በዚያው ቁጥር ነው።

ብዙዎች መፍትሔ አድርገው የሚያዩት ሶፍትዌር መግዛትን ነው። ሜልቪን ኮንዌይ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1968 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ አንድ ድርጅት የሚሠራው ሥርዓት የራሱን የውስጥ ግንኙነት መልክ ይይዛል። ግዥና ኤክስፖርት የማይነጋገሩበት ድርጅት የሚያሠራው ፕሮግራምም የማይነጋገሩ ሁለት ፕሮግራሞች ይሆናል፤ ይህንንም ገንዘብ ከፍለው ያዩ አሉ።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ የሚታወቀው የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የቢዝነስና የቴክኖሎጂ ተማሪዎቹን በጋራ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ልኮ የመረጃንና የውሳኔን መንገድ እንዲነድፉ ቢያደርግ፣ ባለሙያው ከዚሁ ይገኛል። ሁለተኛውና እኔ የበለጠ ክብደት የምሰጠው የተጠሪነቱ ነገር ነው። ይህ ባለሙያ በአይሲቲ ክፍል ሥር ከተመደበ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠራ ሰው ሆኖ ይቀራል። ተጠሪነቱ ለሥራ አስኪያጁ ሆኖ፣ የግዥ ቦታዎች ሲጨመሩ፣ አዲስ ገዢ ሲመጣ ወይም ክፍሎች ሲዋሀዱ ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት በጽሑፍ አስተያየት የመስጠት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ ሥራ አስኪያጁ አስተያየቱን ካልተቀበለም ምክንያቱን ለቦርዱ ያስረዳ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የድርጅት አደረጃጀት አማካሪ
ከጅማ