የቅዳሜው ውይይት፦ የባርባራ ስታርፊልድ ሥራና የቤታችን መድኃኒቶች

ውድ አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በፈረንጅ አራዳው መሰብሰቢያችን ስለ ዶክተር ባርባራ ስታርፊልድ እንወያያለን። እኚህ የሕፃናት ሐኪም በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት የጤና አገልግሎትን አጥንተዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናን የመዘኑት በአራት ነገር ነው፦ ታካሚው ቀድሞ የሚያንኳኳው በር መሆኑ፣ ክትትሉ አለመቋረጡ፣ አብዛኛውን ችግር እዚያው ማከሙ፣ ሌላ ቦታ የታዘዘውንም ማቀናጀቱ።

አራተኛው ልቤን ይነካዋል። እናቴ ለጉልበታቸው ሕመም ከአንድ ክሊኒክ ዲክሎፌናክ፣ ከሌላው ኢቡፕሮፌን ታዞላቸው ሁለቱንም በአንድ ፌስታል ይዘው አገኘኋቸው። የአንድ ወገን መድኃኒቶች ናቸው፤ አብረው ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ። ሌላ የሚወስዱት እንዳለ የጠየቃቸው አልነበረም።

ስለዚህ በቤታችሁ ያሉ አዛውንት የሚወስዱትን ሁሉ ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ከማሸጊያው ላይ ገልብጣችሁ አምጡ፤ ዳማከሴና ጤና አዳምም ቢሆን ይጻፍ። የፋርማሲ ባለሙያ አባሎቻችን ያዩታል። እስከዚያ ግን ማንም የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ አደራ።

ይህን ምርመራ በየወሩ ለሰፈራችን አረጋውያን እናድርገው ወይ የሚለውንም እንወስናለን፤ እኔ በበኩሌ እደግፈዋለሁ። መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁኝ።