ክንዱን ስናይ ደሙንም እንይ

ለአዘጋጁ፦

የክንድ ጉድለት ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናት ያወጣችሁት ጽሑፍ ስለ ቀዶ ሕክምናና ፊዚዮቴራፒ በደንብ ያብራራል። ስለ ደም ግን ምንም አላለም። ይህ ክፍተት መታረም አለበት።

ታር ሲንድረም የሚባል፣ እምብዛም የማያጋጥም በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ። ሕፃኑ በሁለቱም ክንዶቹ ራዲየስ የተባለው አጥንት ሳይኖረው ይወለዳል፤ አውራ ጣቶቹ ግን አሉ። ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ፕሌትሌቶችም በጣም ያንሱታል። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ150,000 በላይ ናቸው። በዚህ ሕመም ከ50,000 በታች ሊወርዱ ይችላሉ። ክንዱ ለዓይን ስለሚታይ ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ለእሱ ነው። ሕፃኑን ለሞት የሚያሰጋው ግን የደም መፍሰስ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ በተለይ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ከሆነ።

አውራ ጣቱን ማየትም ይጠቅማል። ራዲየሱም አውራ ጣቱም ከሌሉ ሐኪሙ ፋንኮኒ አኒሚያን መጠርጠር አለበት። እሱ የአጥንት መቅኔ በቂ ደም ማምረት የሚያቅትበት፣ ከዕድሜ ጋር እየከፋ የሚሄድ ሕመም ነው። በታር ግን የፕሌትሌቱ ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ እየተሻሻለ ይሄዳል። ወላጆች ይህን ተስፋ ገና ከጅምሩ ሊሰሙት ይገባል።

ስለዚህ ራዲየስ የሌለው ሕፃን ሲወለድ በዚያው ቀን ፕሌትሌቱ ይቆጠር። ውጤቱ እስኪታወቅም ሊቆይ የሚችል ቀዶ ሕክምና ሁሉ ይዘግይ። እናንተም ይህን በሚቀጥለው እትም ለወላጆች በሚገባ ቋንቋ አውጡት።

አንድ አንባቢ