የአንጎል እጢ ታካሚ ቤቱ ሲገባ ማን ይረዳዋል?

ለአዘጋጁ፦

የምጽፈው የአንጎል እጢ ያለባቸውን ሰዎችና ቤተሰቦቻቸውን ስለ መደገፍ ነው። ሁሌም የሚወራው ስለ ኦፕራሲዮኑ ወጪ ነው። ወጪው እውነትም ከባድ ነው። ቤተሰብ ግራ የሚገባው ግን ከዚያ በኋላ፣ ታካሚው ቤት ሲገባ ነው።

እህቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ከሆስፒታል ስንወጣ የተሰጠን የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ካርድ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ጎረቤታችን ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘ፣ እኔ ደግሞ ጥርሷን በማንኪያ ለማላቀቅ ታገልኩ። ሁለታችንም ተሳስተናል። በጎኗ ማስተኛት፣ አፏ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት መያዝ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ቶሎ ሐኪም ቤት ማድረስ ነበረብን። ይህን ለመንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የአንጎል እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት እንደማይቋረጥም ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ከክፍለ ሀገር የሚመጣው የባሰ አለበት። የጨረር ሕክምና ብዙ ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ እስከ 6 ሳምንት ይሰጣል። ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ ትቶ፣ አልጋ ተከራይቶ፣ ጠባዩ የተለወጠ ሰው (የሚለውጠው እጢው ነው፣ ክፋት አይደለም) ይዞ አዲስ አበባ መቀመጥ ቤት ያራቁታል።

ጤና ሚኒስቴር የአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎችን ሁሉ አንድ ነገር ያስገድድልን፦ ታካሚ ሲወጣ በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ የአንድ ገጽ መመሪያና ሌሊትም የሚነሳ የነርስ ስልክ ቁጥር ይሰጠው።

አንድ አስታማሚ፣ ከአዲስ አበባ