ፍላጻዬን በገዛ እጄ እንዳነሣ ላደረጋችሁኝ ሁሉ

በአዳማ ለምትኖሩ ጎረቤቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ዘመዶቼ፣ ይልቁንም ለእኒያ የፈረስ ዕቃ ለሚሰፉ አባት፤

ባለፈው እሑድ ማለዳ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ 60 ፍላጻ ወረወርሁ። ርቀቱ 18 ሜትር፣ የዒላማው ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ሦስት ሦስት እያደረግሁ 20 ጊዜ። በቤት ውስጥ የቀስት ውድድር የሚወረወረው ይህን ያህል ነው። ነጥቡን እኅቴ መዝግባዋለች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከ60ዎቹ ፍላጻዎች አንዱን እንኳ ማንም አላቀበለኝም።

ኅዳር 2015 ዓ.ም. ወደ አሰላ ስንጓዝ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ሕብለ ሰረሰሬ ተጎዳ፤ ከወገቤ በታች ያለው አካሌ መታዘዝ አቆመ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፣ አምስት ወር ተኛሁ። እናቴ ገላዬ እንዳይቆስል ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ እየተነሣች ጎኔን ታገላብጠኝ ነበር። የእድራችን ሰዎች ከሆስፒታል ሳልወጣ የደጃፌን ደረጃ አፍርሰው ለተሽከርካሪ ወንበሬ የሚሆን ተዳፋት በሲሚንቶ ሠርተው ጠበቁኝ። እናቴ ሆይ፣ ጎረቤቶቼ ሆይ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

ቀስትን ያስተዋወቀችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ ናት። ትከሻዬንና ጀርባዬን ለማጠንከር የላስቲክ ገመድ ስታስስበኝ አንድ ታሪክ ነገረችኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ 29 ቀን 1948 እንግሊዝ አገር በሚገኘው የስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በጦርነት የተጎዱ 16 ሰዎችን፣ 14 ወንዶችና 2 ሴቶችን፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ እንዳሉ በቀስት አወዳደራቸው። ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ነው። እኔ ከታሪኩ የያዝሁት ሁለቱን ሴቶች ነበር። ለብዙ ቀናት ስለ እነርሱ አሰብሁ። በውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ቀስትና 12 ፍላጻ ላከልኝ።

ከዚያ በኋላ የገጠመኝን ችግር አስቀድሞ ያሰበው ሰው አልነበረም፤ ፍላጻው የት ይቀመጣል? ቆሞ የሚወረውር ሰው የፍላጻ ማኖሪያውን፣ አፎቱን፣ በወገቡ ይታጠቃል ወይም በጀርባው ያነግታል። የእኔ ጀርባ ወንበሩን ተደግፏል። በወገቤ ብታጠቀው ጎማው ውስጥ ይገባል። ጭኔ ላይ ባስቀምጠው ይንሸራተታል፤ ጭኔ ስለማይሰማኝ መውደቁን የማውቀው መሬት ላይ ሲንኳኳ ነው። ሹል ነገር በማይሰማ ገላ ላይ ማኖርም አደጋ አለው። ደግሞም የተወረወረውን ዒላማው ድረስ ሄዶ መንቀል አለ። እጆቼ ጎማውን ሲገፉ ፍላጻውን በምን ልያዘው? ስለዚህ ታናሽ እኅቴ ዘጠኝ ወር ሙሉ አጠገቤ ቆማ አቀበለችኝ። በአዳማ ነፋሱ የሚበረታው ረፈድ ሲል ስለሆነ የምንለማመደው ገና ሲነጋ ነበር፤ አንድም ቀን እንቅልፌን አልጨረስሁም ብላ አላጉረመረመችም። የእኔ እኅት፣ ያን ጊዜ አልነገርሁሽም እንጂ እጅሽን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይላወስ ነበር።

መጀመሪያ ለአንድ ሱቅ ቀብድ ከፍዬ አፎት አሠራሁ። ለጃኬት የሚሆን ለስላሳ ቆዳ ስለነበር አፉ እየታጠፈ የፍላጻዎቹን ላባ ጨፈለቀ፤ በሦስተኛው ቀን ሹሉ ታችኛውን ስፌት በስቶ ወጣ። ተስፋ ልቆርጥ ስል ወንበሬን ባጃጁ ላይ እየጫነ የሚያመላልሰኝ ወጣት፣ «አጎቴ ጋሪ ይነዳል፤ የፈረሱን ልጓምና ጠፍር የሚሰፉለት አባት አሉ» አለኝ። አንተ ልጅ፣ ያችን አንዲት ቃል ስለተናገርህ እናትህ ትባረክ።

እኒያ አባት ፍላጻዎቹን ከመለካታቸው በፊት እኔን ለኩኝ። «ልጄ፣ ዓይንሽን ጨፍኚና ፍላጻ አንሺ» አሉኝ። ፍላጻ በሌለበት እጄን ሰደድሁ። እጄ ያረፈበትን ቦታ በወንበሩ ጎን ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉበት። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ሦስቱም ጊዜ እጄ ከቀኝ ጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ አረፈ። «እንግዲህ ቤቱ እዚህ ነው» አሉ። ወንበሩን ለዓመታት የተቀመጥሁበት እኔ ሆኜ ሳለ ይህን ቦታ አላውቀውም ነበር።

በልጅነታቸው አባታቸው ለዳዊት ማኅደር ሲሰፉ እያዩ ነው ሙያውን የተማሩት። ማኅደር ጠብቦ ከተሰፋ መጽሐፉ ሲወጣ ይጎዳል፣ ሰፍቶ ከተሰፋ ደግሞ በመንገድ ይንገላታል ብለው አስረዱኝ። የእኔንም አፎት የሠሩት እንደ ማኅደር ነው። በዛፍ ቅርፊት የለፋ፣ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የበሬ ቆዳ መረጡ። ለብ ባለ ውኃ ነክረው በፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ላይ ጠቀለሉት፣ በጨርቅ አጥብቀው አሰሩት፣ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አደረቁት፤ ፀሐይ ቆዳን ያኮማትራልና። ፍላጻዬ 75 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ላባው እንዳይነካ የአፎቱን ጥልቀት 50 ሴንቲ ሜትር ላይ አቆሙት። ከታች የአሮጌ መኪና ጎማ ቁራጭ፣ በላዩ ላይ አጎዛ አነጠፉበት። ዛሬ ፍላጻው ሲገባ ድምፅ የለውም።

ስፌቱን ቁጭ ብዬ አየሁት። በወስፌ ይበሳሉ፤ ከዚያ ሰም በተቀባ አንድ ክር ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት መርፌ አድርገው በአንዱ ቀዳዳ ከግራም ከቀኝም ያሳልፋሉ። እንዲህ የተሰፋ ነገር አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው አይተረተርም። አፉን አግድም ሳይሆን አስልለው ቆረጡት፤ ወደ እጄ ያለው ጎን ዝቅ ይላል። ጠርዙን በእንጨት እያሹ ሲያለሰልሱት ግማሽ ቀን ፈጀባቸው፤ የቆዳውን ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ። «የእጄን ስትወረውሪ ካየሁ በኋላ» አሉኝ። አፎቱን ከወንበሩ ብረት ጋር የሚይዙትን ሁለት ማቀፊያዎች ያለ ዋጋ የበየድህልኝ የሠፈራችን ልጅም እጅህ ይባረክ።

እሑድ መጡ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሌላው ሰው ሁሉ ዒላማውን ሲያይ እርሳቸው የሚያዩት አፎቱን ነበር። ሦስት ወርውሬ፣ ጎማዬን እየገፋሁ ሄጄ፣ ነቅዬ፣ አፎቱ ውስጥ ከትቼ፣ ሁለት እጄን ለጎማው አድርጌ ስመለስ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኅቴ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት ታጣምረው፣ ትፈታው ነበር። በኋላ ሄዳ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች።

አባባ፣ የላይኛው ጠፍር ትንሽ እንደላላ እርስዎም ሳያዩት አልቀሩም። አንድ ቀዳዳ ቢጨመርበት ይበቃዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዤው እመጣለሁ፤ የእጅዎንም ዋጋ ያኔ ይነግሩኛል።