ከአመዳይ አገር

ይድረስ ለምወድህ የልጅነት ጓደኛዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ አራት ዓመት ሆነኝ። የእማማን ማረፍ የሰማሁት ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ሲነጋ እደውላለሁ አልኩ፤ ሲነጋ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ። ከዚያ ወዲያ ኀፍረቱ ከሐዘኑ በለጠና እጄን ያዘው። እንደ ልጃቸው ያበሉኝን እናት ሳላለቅስላቸው፣ አንተንም ሳላጽናናህ ቀረሁ። ይቅር በለኝ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ ትንሹ ልጅህ «አጎቴ ያለበት በረዶ ውስጥ ጭራቅ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቁን ጽፈህልኝ ነበር። ጥያቄው አንድ ቀንም ከልቤ አልወጣም። አዎ፣ አለ በለው። እኔም የምኖረው ከደጃፉ ላይ ነው።

ሎም የምትባለው የኖርዌይ መንደር ጀርባዋን የሰጠችው ለዮቱንሃይመን ተራሮች ነው፤ የዮቱኖች፣ የጥንቱ የሰሜን ሰዎች ተረት ግዙፋን፣ አገር ማለት ነው። ስሙን በ1862 (ዓመቱን የምጽፍልህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኦስሙንድ ኦላቭሶን ቪንየ የተባለ ገጣሚ ከጥንቱ ተረት ወስዶ አወጣለት። ከሁሉ ከፍ የሚለው ጫፍ ጋልድሆፒገን 2,469 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ ከዚያ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው! ነገር ግን እኛ በማለዳ በባዶ እግራችን የረገጥነውን አመዳይ ፀሐይ ወጥታ ታቀልጠው ነበር፤ እዚህ ተራራው ላይ በረዶው በጋውንም ተኝቶ ያሳልፋል።

ዮቱን የሚለው ቃል «መብላት» ከሚለው ቃል ጋር ሳይዛመድ አይቀርም ይላሉ የቋንቋ ሊቃውንት። እንግዲህ የእኛው ሰው በላ ጭራቅ ነው። ተረቱን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በጽሑፍ ካቆዩልን ሰዎች ዋነኛው አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን ነው። በመጀመሪያ፣ ይላል፣ በሰሜን የብርድና የጉም አገር፣ በደቡብ የእሳት አገር፣ በመካከላቸውም ባዶ ገደል ነበር። ከብርዱ አገር የፈለቁ ወንዞች መርዝ ይዘው እየፈሰሱ፣ ከምንጫቸው ሲርቁ እየረጉ፣ አመዳይ በአመዳይ ላይ ተደራረበ። የእሳቱ ወላፈን ሲያገኘው ግን ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ከጠብታውም ይሚር የሚባል ግዙፍ ተፈጠረ። ተኝቶ ሲያልበው ከብብቱ ሥር ወንድና ሴት ወጡ። የአመዳይ ዮቱኖች ነገድ የመጣው ከእርሱ ነው። ያጠባችውም ከዚያው አመዳይ የወጣች አውዱምላ የምትባል ላም ናት። እርሷ ደግሞ የጨው ጣዕም ያለውን በረዶ እየላሰች ትኖር ነበር። ይህን ሳነብ አሞሌ ስትልስ የነበረችው ላማችሁ ትዝ አለችኝ።

ላሚቱ ስትልስ ስትልስ በሦስት ቀን ውስጥ ከበረዶው አንድ ሰው ወጣ። የእርሱ የልጅ ልጆች፣ አማልክቱ እነ ኦዲን፣ ይሚርን ገደሉት፤ ሥጋውን ምድር፣ ደሙን ባሕር፣ አጥንቱን ተራራ፣ የራስ ቅሉን ሰማይ አደረጉት። ከቁስሉ የጎረፈው ደም ዮቱኖቹን አሰጠመ፤ ከሚስቱ ጋር ያመለጠው ቤርገልሚር ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ከጥፋት ውኃ የሚተርፈው ጻድቁ ኖኅ ነው፤ እነርሱ ዘንድ የሚተርፈው ጭራቁ ነው። ደግሞም የኦዲን እናት ቤስትላ ራሷ የዮቱን ልጅ ናት። አማልክቱ የእናታቸውን ወገን ነው የፈጁት። ሁሉ ነገር በሚረጋበት በዚያ ዓለም፣ በአማልክቱና በዮቱኖቹ ምድር መካከል የሚፈስሰው ኢቪንግ የሚባለው ወንዝ ብቻ መቼም በረዶ አይሠራበትም። ቢሠራበት በእግር ይሻገሩት ነበር።

ከሁሉም ስለ ስካዲ ልንገርህ። ዮቱን ናት። አባቷን አማልክቱ ገደሉባት። ጥሩር ለብሳ፣ የብረት ቁር ደፍታ፣ መሣሪያዋን ይዛ ብቻዋን እስከ ደጃቸው መጣች። እነርሱም ደም ለማድረቅ ካሳ አቀረቡላት፤ ከመካከላቸው ባል ትምረጥ፣ የምታየው ግን እግራቸውን ብቻ ነው። እርሷ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረች፤ ካሳው እንዲሞላ ያስቁኝ አለች፤ እንደማይችሉ እርግጠኛ ነበረች። ከአማልክቱ ጋር የሚኖረው ተንኮለኛው ሎኪ ፍየል ይዞ መጣና ሲጎተትና ሲንፈራገጥ አይታ ሳቀች። ኦዲን ደግሞ የአባቷን ዓይኖች ወደ ሰማይ ወርውሮ ሁለት ከዋክብት አደረገላት። ወንድሜ፣ እኛ ለቅሶ ቤት የምንውለው ሐዘንተኛውን ለማጫወት አይደለም? ጭራቅ የተባለችዋ ሴት የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ከአባቷ ገዳዮች እንኳ የተጠየቀውን፣ እኔ ለአንተ ሳላደርገው ቀረሁ።

ባል ብላ የመረጠችው የባሕሩ አምላክ ኒዮርድ ሆኖ ተገኘ። እርሱ በተራራዋ የተኩላ ጩኸት አላስተኛው አለ፤ እርሷ በባሕሩ ዳር የወፎቹ ጫጫታ። ተለያዩ። እኔም ሌሊት ሌሊት ነፋሱ ሲያፏጭ የደብረ ብርሃን ጅብ ይናፍቀኛል።

በተረቱ ፍጻሜ በጋ ሳይገባባቸው ሦስት ክረምት ተከታትለው ይመጣሉ፣ ከዚያም ዓለም ይፈርሳል። ይህ በ536 የሆነው ነገር ትዝታ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ያን ጊዜ የእሳተ ገሞራ አቧራ ሰማዩን ሸፍኖት ነበር። የዚያ ዘመን የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እንደ ጨረቃ ደብዝዛ ወጣች ብሎ ጽፏል፤ የእኛን የዐፄ ካሌብን የባሕር ማዶ ዘመቻ የጻፈው ይኸው ሰው ነው።

ዛሬ ግን የዮቱኖቹ አገር እየቀለጠ ነው። ዩቭፎና በሚባለው በረዶ ሥር ወደ 7,600 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው በረዶ ተገኝቷል። በ2011 ደግሞ ሌንድብሬን ከሚባለው በረዶ ከ1,600 ዓመት በላይ የቆየ የሱፍ እጀ ጠባብ ወጣ፤ የተጣፈ ነው። የጣፈችው እጅ የማን እንደሆነች ባላውቅም እማማ መርፌያቸውን ይዘው ታዩኝ፤ ያልተለቀሰው ለቅሶ ያን ጊዜ መጣብኝ። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት በዚያው ምሽት ነው።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። እማማ የሚነግሩን የጭራቁና የልጅቷ ተረት መጨረሻው ጠፋኝ። ልጅቷ በሩን ከፍታ ስትወጣ ለጭራቁ ምን ነበር ያለችው? ከአንተ በስተቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም። ጻፍልኝ። ለጥር ፈቃድ ወስጃለሁ፤ መቃብራቸው ድረስ አብረኸኝ ትሄዳለህ?

የማይረሳህ ወንድምህ