«ባህላቸው ነው» ተብሎ ስለተዘጋው ፋይል
ለከተማው ጤና ቢሮ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባናቸው ደብዳቤዎች ቁጥር ተሰጥቷቸው እዚያው ቀሩ። ስለዚህ በአደባባይ እንጽፋለን።

በጎስቋላ ሰፈሮች የሚኖሩ ወንዶች ለምን ወደ ጤና ጣቢያ እንደማይመጡ ሪፖርታችሁ ሲያስረዳ አንድ ምክንያት ብቻ ያውቃል፤ ብሔራቸውን። የእነ እገሌ ወንዶች በሽታ ይንቃሉ፣ የእነ እገሌ ደግሞ ከባህል ሐኪም ሌላ አያምኑም። አለቀ። ጤና ጣቢያው የሚከፈተውና የሚዘጋው የቀን ሠራተኛው ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት መሆኑ የትም አልተጻፈም።

ብሔር ቦታ የለውም አንልም። ሥራም መኝታም የሚገኘው በአገር ልጅ በኩል በሆነበት ሰፈር፣ «እሱ እኮ ደክሟል» መባል እንጀራ ያሳጣል። ሸክም ማንሳት እስከቻለ ድረስ ሰውየው ደህና ነው።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ለቲቢ አክታው እንደሚመረመር ለእርስዎ አንነግርዎትም። ይህ ሰው ግን ቋንቋችሁን አይችልም፤ አስተርጓሚም የላችሁም። አብሮት የሚያድር የአገሩ ልጅ ይጠራል። ነርሷ «ኤችአይቪ እንመርምርህ?» የምትለው በዚያ ልጅ አፍ ነው። መልሱ ማታ መኝታው ድረስ እንደሚከተለው ስለሚያውቅ «ይቅርብኝ» ይላል። እናንተ «እምቢተኛ» ብላችሁ ትመዘግባላችሁ።

የቲቢ መድኃኒት ቢጀምር ደግሞ ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሽንቱን ብርቱካናማ ያደርገዋል። ጉዳት የለውም፤ ይህን ለማስረዳት አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። በሚገባው ቋንቋ ያልተነገረው ሰው ግን ደም ይመስለውና ያቆማል። ባያቆምም፣ ከስድስቱ ወር ሕክምና ሁለቱን ወር ወስዶ ሳሉ ሲተወው ቀሪውን አራት ወር ትቶ ወደ ሸክሙ ይሄዳል። በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስ፣ በአንዲት ክፍል አብረውት ለሚያድሩትም ሊተርፍ ይችላል። ያኔ «የእነ እገሌ ወንዶች መድኃኒት ያቋርጣሉ» የሚል ሰንጠረዥ ይወጣል።

ባህል አይነካም ካላችሁ፣ ኬንያን ጠይቁ። እዚያ ሉዎ በተባለው ብሔር ዘንድ የወንድ ግርዛት ልማድ አልነበረም። በሉዎዎቹ ከተማ ኪሱሙ የተደረገው የሕክምና ሙከራ ግርዛት ወንዶች በኤችአይቪ የመያዝ ዕድላቸውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ሲያሳይ፣ መንግሥት በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው ሽማግሌዎቹን አነጋግሮ ነው።

የምንጠይቀው በሳምንት ሁለት ምሽት ክፍት የሚሆን ክፍልና ምስጢር ለመጠበቅ የፈረመ፣ ደመወዝ ያለው አስተርጓሚ ነው። ለዚህ በጀት ከጠፋ፣ ቢያንስ በቅጹ ላይ «ያቋረጠበት ምክንያት» በሚለው ሣጥን ውስጥ ብሔር መጻፍ ይቁም። እሱ ገንዘብ አይጠይቅም።